አስታ አምባ ላይ የተነሳው እጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ጉዳይ ነው። ተራራ መውጣት የሚወዱ ወጣቶች ቁጥሬን ይቀባበሉታል። ዋግ ውስጥ ሰው የማይበዛበት፣ ጸጥ ያለ ተራራ የቱ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከሰቆጣ ወጥተው በየትኛው ሸንተረር እንደሚሄዱ፣ ምንጭ የት እንደሚያገኙ፣ ውርጩ በየትኛው ወር እንደሚከፋ እነግራቸዋለሁ። አስታ አምባንም አልደብቃቸውም፤ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን እጨምርላቸዋለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት መንደር ግቡ፤ ስማችሁን፣ ለምን እንደመጣችሁ፣ መቼ እንደምትመለሱ ለሰው ተናገሩ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። "አባባ፣ እኛ እኮ የምንሄደው ከሰው ለመራቅ ነው" ይሉኛል። ምክንያቱን በስልክ መናገር ስለማይሆንልኝ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የሬዲዮ ዘጋቢ ሆኜ ወደ ዋግ የተመደብኩት በእኛ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ አበርገሌ ላኩኝ። እዚያ ከሙቀቱና ከፍየል በሽታ ሌላ ብዙ የምዘግበው አልነበረም። ከዚያ ሰቆጣ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። ቅርንጫፍ የምንለው አንዲት የኪራይ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ቴፕ ነበር። የቀረጽነውን ካሴት በአውቶቡስ ወደ ዋናው ጣቢያ እንልካለን። አውቶቡሱ ከተበላሸ ዜናውም መንገድ ላይ ያድራል። ስለ ውሎ አበሉ ባልናገር ይሻላል።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋም ክረምትም ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው። ሥራውን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። አንድ ቤት ሲደርሱ ቴፑን አያወጡም። ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ታመመ ሰው ይጠይቃሉ። ሰውየው ራሱ "እንግዲህ ለምን መጣችሁ?" እስኪል ይጠብቃሉ። ገበሬውንም እረኛውንም "እርስዎ" ይላሉ። የነገራቸውን በራሳቸው ቃል መልሰው ይነግሩትና "እንዲህ ነው ያሉኝ?" ብለው ያረጋግጣሉ። እኔ ከመስክ ስመለስ ወሬዬን እስክጨርስ ያዳምጡኝና "ያየኸው የቱ ነው? የነገሩህ የቱ ነው? የገመትከውስ?" ይላሉ። ሦስቱን ለይቼ ካላስቀመጥኩ ጽሑፌን አይነኩም።

ደጋው ላይ የሚያስቸግረን ነፋስ ነበር። ካሴቱን ስንሰማው ከሰው ድምፅ ይልቅ የሚሰማው ጩኸቱ ነው። ጋሽ ፈለቀ መላ ነበራቸው። ተናጋሪውን ጀርባውን ለነፋስ ሰጥተው ያስቀምጡታል፤ አጠገቡ ይቀመጡና ጋቢያቸውን በራሱም በራሳቸውም ላይ ይጥላሉ። ቃለ መጠይቁ ከጋቢው ሥር ይካሄዳል። ብርድ የባትሪ ድንጋይ ስለሚገድል ድንጋዮቹን አውጥተው በብብታቸው ይይዟቸዋል፤ ቴፑ ውስጥ የሚገቡት በመጨረሻው ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ጋዝጊብላ ገበያ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተሸፍነው ሲነጋገሩ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "ምነው አባ ፈለቀ፣ ንስሐ መስጠትም ጀመሩ እንዴ?" ብላ ሰዉን አሳቀችው። ከጋቢው ሥር "ኃጢአትሽን እያሰብሽ ተራሽን ጠብቂ" የሚል ድምፅ ወጣ።

ሌላ ጊዜ አንድ ምንጭ ጎልብቶ ለአገልግሎት በቃ የሚል ወረቀት ደረሰን። ጋሽ ፈለቀ ጃንጥላቸውን አነሱ፤ ሄድን። ቧንቧው አለ፣ ውሃው የለም። አብሮን የመጣው ሹም "ነገ ይለቀቃል" አለ። ጋሽ ፈለቀ እጃቸውን ቧንቧው ሥር ዘርግተው ቆሙ። ሹሙ "ጋሽ ፈለቀ፣ ነገ ነው እኮ ያልኩት" ሲል "እሰማለሁ፤ ምናልባት ከቸኮለ ብዬ ነው" አሉት። ዜናው አልተላለፈም። ከሁለት ወር በኋላ ውሃው ሲመጣ ተመልሰን ሄደን ጠጣንና ዘገብነው።

መምህር አለሙን ያወቅኩት በዚያ ዘመን ነው። ሰቆጣ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ባለቤቱ ትብለጥ ሳሙናና ጨው የምትሸጥልኝ ጎረቤቴ ነበረች። አለሙ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር በሶውን ቋጥሮ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። ሦስትና አራት ቀን ዋሻ ውስጥ አድሮ ይመለሳል። ሰው ምን ጠፍቶት እንደሚሄድ ሲጠይቀው "ጆሮዬን ላሳርፍ" ይላል። ክፍሉ ውስጥ ተማሪው እስከ ሰሌዳው ሥር ይቀመጥ ስለነበር ነገሩ ይገባኝ ነበር።

እኔም ጥቂት ጊዜ አብሬው ወጥቻለሁ። መንገድ ላይ አይወራም፤ እሱ ይቀድማል፣ እኔ ወደ ኋላ እከተላለሁ፣ የምንገናኘው ምሳ ላይ ነው። አስታ አምባ ስሙን ያገኘው ከአስታ ቁጥቋጦው ነው። ከእሱ በላይ የጓሳ ሣርና የጅባራ ተክል ብቻ አለ። ጅባራዎቹ ጉም ሲመጣ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር እየነቀሉ ይበላሉ፤ ሰው ሲያዩ ሳይጮኹ ወደ ታች ይወርዳሉ። አየሩ ሲጠራ በሩቁ የተከዜ ሸለቆና የአበርገሌ ትነት ይታያል። ከዚያ በቀር ምንም የለም። የራስህ እስትንፋስ ይከብድሃል። አለሙ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

ሁልጊዜ የሚወጣው በምዕራብ በኩል ነው። በዚያ ወገን ያሉት ገበሬዎች ያውቁታል። "መምህሩ ደግሞ መጣ" ብለው ይቀልዱበት ነበር። የምሥራቁን ወገን ግን አላየሁትም እያለ ይቆጭ ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በአንዱ ዓመት፣ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ትምህርት ሲዘጋ ብቻውን ሄደ። የነነዌ ጾም ሳምንት ነበር። ጾሙ አልፎ ቅዳሜ ጠዋት ትብለጥ ወደ ቢሮአችን መጣች። ቁጭ በይ ብንላት እምቢ አለች።

"አለሙ አልገባም" አለች።

"መቼ እገባለሁ ብሎሽ ነበር?" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

"ረቡዕ። እሱ ደግሞ ቀን አያሳልፍም። አንዴ እንኳ አሳልፎ አያውቅም።"

"በየት በኩል ነው የወጣው?"

"በምሥራቅ። ትምህርት ቤቱ ሰው ሰጥቶኛል፤ እነሱ ግን የሚያውቁት የምዕራቡን መንገድ ነው፣ በዚያ ሄደዋል። እናንተ አገሩን ትዞሩ የለም? በምሥራቅ ውሰዱኝ።"

የዚያኑ ቀን በጭነት መኪና መንገዱ እስከሚወስደው ድረስ ሄደን፣ አንድ ቤት አድረን፣ በማግስቱ ከአምባው ሥር ካለ መንደር ደረስን። የመንደሩን ስም አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ተቀበሉን፤ ጠላ አመጡልን። ጋሽ ፈለቀ ስለ ዝናቡ አልጠየቁም። ይህን ያልጠየቁበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። የጠፋ ሰው እንደምንፈልግ ተናገሩ።

"የጠፋ ሰው አላየንም" አለ አንድ ጠና ያለ ገበሬ። አያ ኪሮስ ይሉታል። እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ ተነጋገሩና እሱ ወደ አማርኛ ተመለሰ። "አምባው ላይ ያሉት አንድ ባሕታዊ ብቻ ናቸው። በጾሙ መግቢያ ነው የመጡልን።"

የዚያ አገር ወግ እንዲህ ነው። አምባው ላይ ከድሮ ጀምሮ ባሕታውያን ይመንኑበት ነበር። ባሕታዊ ሲመጣ መንደሩ እንደ በረከት ይቆጥረዋል። ከገደሉ ወዲህ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የተዘፈዘፈ ሽምብራ የሞላበት ቅልና ውሃ እዚያ ላይ አኑረው፣ ሰግደው ይመለሳሉ። ከድንጋዩ አልፎ አይኬድም፤ አይጣሩም፤ ስም አይጠይቁም። ሰውየው ከዓለም ሊርቅ ነው የመጣው፤ ተከትሎት ሄዶ ዓለምን የሚያመጣበት ሰው ኃጢአት ይሆንበታል። እህሉ ሳይነካ ቢገኝ ሱባኤ ይዘዋል ማለት ነው። በነነዌ ጾም ደግሞ ሦስቱን ቀን እህል የማይቀምሱ ምእመናንም አሉ፤ ከባሕታዊ ቢጠበቅ የሚገርም አልነበረም።

"ፊታቸውን አይታችኋል?" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

አንዱ ጎረምሳ ፈገግ አለ። "የባሕታዊ ፊት ይታያል እንዴ? ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው ያሉት፤ ደግሞ ሩቅ ነው።"

ትብለጥ ወደ ጎረምሳው ዞረች። "የጋቢው ጥለት ምን ዓይነት ነው?" አለች።

 አያ ኪሮስ ወደ አምባው ቀና ብሎ "አረንጓዴ ይመስላል" አለ።

ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ማንንም ተከተሉኝ አላለችም፤ ሁላችንም ተከተልናት።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ የመንደሩ ሰዎች ቆሙ። ልማድ ነው የያዛቸው፤ አንዱ ጫማውን ማውለቅ ሁሉ ጀምሮ ነበር። ድንጋዩ ላይ ቅሎቹ ተደርድረው አየሁ። ሽምብራው አብቅሎ ነበር። ከድንጋዩ ፊት ለፊት ጠባብ ግን ጥልቅ ገደል አለ። ከገደሉ ማዶ፣ አለት ጣሪያ ከሆነለት ጥላ ሥር፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ እኛ ነው።

ትብለጥ "አለሙ" ብላ አንድ ጊዜ ተጣራች። ከዚያ በገደሉ ዙሪያ መውረድ ጀመረች። አያ ኪሮስ ከሰዎቹ ተለይቶ ቀደማትና መንገዱን አሳያት። ዞሮ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደብን።

ሞቶ ነበር። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የግራ ጭኑ ተሰብሮ አብጧል፤ ዱላውን ለሁለት ሰብሮ ግራና ቀኝ ደግፎ በቀበቶው አስሮታል። ከላይ ከወደቀበት ቦታ እስከ ጥላው ድረስ ጓሳው ላይ ራሱን የጎተተበት ፋና ይታያል። ከኋላው ይበልጥ ነፋስ የማያስገባ ዋሻ ነበር፤ እሱ ግን ከዋሻው ወጣ ብሎ ድንጋዩ በሚታይበት በኩል ተቀምጧል። የውሃ መያዣው ባዶ ነበር።

ትብለጥ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የጋቢውን ጫፍ ከፊቱ መለሰችው። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ወንዶቹ ወሳንሳ የሚሆን እንጨት ሊቆርጡ ሲሄዱ አያ ኪሮስ ወደ ጋሽ ፈለቀ መጣ።

"ሰው ጋቢ ሥር ከትታችሁ ድምፁን ትቀዳላችሁ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ። "እኔን አስገቡኝ።"

"ዛሬ ባይሆን" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

"ዛሬ ካልተናገርኩ ነገ ሌላ ነገር አስመስዬ እናገረዋለሁ።"

ጋሽ ፈለቀ የባትሪ ድንጋዮቹን ከብብታቸው አወጡ። እኔ ከጋቢው ውጭ ሆኜ የማይክሮፎኑን ገመድ ይዤ ስለነበር የሰማሁት ሁሉ ከጆሮዬ አልጠፋም።

"እህሉን የማኖረው እኔ ነበርኩ" አለ አያ ኪሮስ። "በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን አነሱ። ባረኩን ብለን ሰገድን። ድምፅም ነበር። ነፋሱ ቃሉን ያጠፋዋል፤ ከፍ ይላል ዝቅ ይላል እንጂ ቃሉ አይለይም። ጸሎት መሰለን። በማግስቱም እጃቸውን አነሱ። ልጆቼን ይዤ መጣሁ፣ እንዲባረኩ።"

"ልጆችዎን አምጥተው ነበር ነው ያሉኝ?" አሉ ጋሽ ፈለቀ፣ እንደ ልማዳቸው።

"አዎ፣ አምጥቻለሁ። ትንሿ ገና አትሄድም፤ አዝያት ነው።"



አለሙ ሰቆጣ ተቀበረ። ጋሽ ፈለቀ ዘገባውን ራሳቸው ጻፉት። ሰውየው እንዴት እንደወደቀ፣ የመንደሩ ወግ ምን እንደሆነ፣ ድንጋዩን፣ ጾሙን፣ የእጁን ነገር፣ የአያ ኪሮስን ድምፅ በቅደም ተከተል አስገቡት። ከዚያ የጠራ ጽሑፍ ከእጃቸው ሲወጣ አላየሁም። ካሴቱን አውቶቡስ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።

ዋናው ጣቢያ ቆረጠው። ሰዓት የለም ነበር ምክንያቱ። ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ይህ ነው፦ አንድ መምህር ተራራ ላይ ወድቆ ተሰበረ፤ የአካባቢው ነዋሪዎች እጁን ሲያነሳ አዩት፣ ድምፁንም ሰሙ፤ ሳይጠጉት ሞተ። ከዚያ የአያ ኪሮስ ድምፅ፦ "በማግስቱም እጃቸውን አነሱ። ልጆቼን ይዤ መጣሁ።" ድንጋዩ፣ ባሕታዊው፣ ጾሙ የለም።

ጋሽ ፈለቀ ቴሌ ሄደው ደወሉ። እኔ ከስልክ ክፍሉ ውጭ ቆሜ ነበር። አዘጋጁ ከወዲያ የሚለውን አልሰማሁም፤ ሲወጡ ግን ነገሩኝ። "ከተላለፈው ውስጥ ውሸት የሆነ ዓረፍተ ነገር ካለ አሳየኝና ላርም አለኝ። የለም አልኩት።" ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ በፀሐይ ሄዱ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን የመንደሩ ሰዎች እንደ ወትሮው ማርና እህላቸውን ጭነው ሰቆጣ ገቡ። ሰው በስማቸው መጥራቱን ተወ። አንዱ ነጋዴ የአህያውን ጭነት የሚያወርድለት ሲፈልግ "ወንድሞች፣ እጄን ባነሳ ትሰግዱልኛላችሁ ወይስ ታግዙኛላችሁ?" አላቸው፤ ገበያው ሳቀ። ሌላው ሚዛኑ ላይ ሽምብራ እየዘገነ "ለሟች ነው ለሻጭ?" ይል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ቀሩ። ሩቅ ቢሆንም አምደወርቅ መገበያየት ጀመሩ ተባለ። እኔ ለማጣራት አምደወርቅ ሄጄ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ ቴፑን ሲያዩ ተነስተው ሄዱ። በሥራ ዘመኔ ከወደቅንባቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ የውሸት ዜና ሆኖ ቢሆን ማስተባበያ ይወጣለት ነበር።

የአለሙ አርባ ደረሰ። ትብለጥ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጥሎ ቀሳውስቱ፣ መምህራኑ፣ ጎረቤቱ ሞልተው ነበር። እኔና ጋሽ ፈለቀ ወደ በሩ አካባቢ ተቀምጠናል። አያ ኪሮስ አህያ እየነዳ መጣ። አህያዋ ላይ እህል ተጭኗል። ግቢው በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። ጭነቱን አውርዶ አጥሩን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

ድምፁን በሬዲዮ የማያውቅ አልነበረም፤ ፊቱን የሚያውቅ አንድ መምህር ከጎኑ ለተቀመጠው ነገረው፤ ወሬው ዳሱን ዞረ። አንዱ ከውስጥ፣ እንዲሰማ አድርጎ፣ "ድንጋዩ ላይ አኑረህ ተመለስ በሉት" አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ የቀረው ወደ መሬት አየ። አያ ኪሮስ አልተነሳም።

ጋሽ ፈለቀ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። እኔም ተከተልኩ። "ይግቡ እንጂ" አሉት።

"እሷ ካላለች አልገባም" አለ።

ትብለጥ ከማጀት ወጣች። ከል ለብሳለች፤ ክንዷ እስከ ክርኑ ሊጥ ነው። ሰው መንገድ ለቀቀላት። እህሉን አላየችውም። ከአያ ኪሮስ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

"በሬዲዮ የሰማሁት እውነት ነው?" አለች።

"እውነት ነው።"

"ልጆችዎን አምጥተውበት ነበር?"

"አምጥቻለሁ።"

 "እኔ ሌሊት ሌሊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው" አለች። "እናንተ ስትሰግዱ እሱ ያያችሁ ነበር?"

"ያየናል።"

"ታዲያ አይተውኝ ተዉኝ ብሎ ነው የሞተው።"

 ዳሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ቆሞ ነበር።

"እኔ የልቡን አላውቅም" አለ። "ያየሁትን ልንገርሽ፣ እህቴ። በመጀመሪያው ቀን እጁን ደጋግሞ፣ ደጋግሞ አነሳ። በማግስቱ ልጆቼን ሳቀርብ አንዴ አነሳና ቆየ፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ በእነሱ ላይ እንደሚያማትብ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ድምፅ አልነበረም። ብቻዬን ነበርኩ። ስሰግድለት አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። እጅ የሚነሳኝ ነው የመሰለኝ።"

"አማተበባቸው?"

"አዎ። በትንሿ ላይ እንኳ። ቀስ አድርጎ።"

ትብለጥ ክንዷ ላይ የደረቀውን ሊጥ በጥፍሯ ትፈቀፍቅ ጀመር።  የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም።

"ባሕታዊ እንደመሰላቸው ገብቶታል ማለት ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እንደዚያ ይሁን አይሁን የምናውቀው ነገር የለም። 

ተነሳችና ወደ ማጀት ተመለሰች። ሰዉ አለቀ ብሎ ወሬውን ሊቀጥል ሲል ማስታጠቢያና ጆግ ይዛ ወጣች። ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ሞልተው ነበር፤ ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ አልሰጠቻቸውም። አያ ኪሮስ ፊት ቆመች።

"ይታጠቡ" አለች። "ከሩቅ ነው የመጡት።"

እጆቹን ዘረጋ።  ውሃው እንዳይፈስበት ጎንበስ ብላ፣ ቀስ እያደረገች አፈሰሰችለት።